አባባ ባዳቾ የፈለጉት

ሲስተር ትዕዛዝ ዕድሜዋን ሕፃን ስትቀበል የኖረች አዋላጅ ነበረች። ሶዶ ገበያ ስትወጣ መንገዱ አያስኬዳትም። አንዷ እናት «ያንቺ ልጅ እኮ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባ!» ትላታለች፤ ሌላዋ ከባጃጅ ውስጥ አንገቷን አውጥታ ትጠራታለች። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ሳቋም እንደዚያው። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ዜማ ስታዛንፍ ከሁሉ በላይ የምትሰማው እሷ ናት። ይህን ታውቃለች፤ ግን አትተውም።

አንድ ቀን የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ዶክተር ሚልክያስ ቢሮው አስጠራት።

«ሲስተር፣ ከማዋለጃ ወጥተሽ የማስታገሻ ክብካቤ ክፍል እንድታቋቁሚልን ፈልጌ ነው» አላት። «በሽታቸው ለማይድን ሰዎች። ሕመማቸው እንዲቀል፣ እነሱም ቤተሰባቸውም ደጋፊ እንዲያገኙ።»

ትዕዛዝ ደነገጠች። ጥፋት ሠርታ ያባረሯት መሰላት። የማዋለጃ ባልደረቦቿ ደግሞ ሲሰሙ «ከመግቢያው በር አንስተው መውጫው በር ላይ አቆሙሽ» ብለው ሳቁባት። እሷም ሳቀች፤ ቤቷ ገብታ ግን አኮረፈች።

ኩርፊያዋ ብዙ አልቆየም። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ጀርባ ሥራ የፈታ መጋዘን ነበር። ጠራርጋ፣ ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ ደርድራበት በሐሳቧ ጨረሰችው። የመጋረጃውን ቀለም እንኳ መርጣ ነበር። ዶክተር ሚልክያስ እቅዷን ሰምቶ «መጋረጃው ይደርሳል» አላት። «መጀመሪያ በሽተኞቹ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው።»

ጠየቀች። ነጭ ጋወኗን ለብሳ ከአልጋ አልጋ ዞረች። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጧት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ከአፍታ በፊት ሲያቃስቱ የነበሩት ሳይቀሩ እሷ ስትመጣ ደህና ሆኑ። ከዚህ ሌላ ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት፤ የምትፈልጋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሆስፒታሉ ውስጥ የሉም። «ከእንግዲህ የምናደርግላችሁ ነገር የለም» ተብለው በየቤታቸው ገብተዋል። ስለዚህ ጋወኗን አውልቃ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ተበላ ከተማ ወርዳ፣ በበቆሎ ማሳ መካከል ጥቂት በእግሯ ሄዳ፣ ወደ ቤት ከተመለሱት በሽተኞች አንዱ የሆኑት አቶ ባዳቾ ግቢ ደረሰች። አባባ ባዳቾ በአካባቢው ስማቸው የተጠራ አስታራቂ ነበሩ። የፕሮስቴት ካንሰር ይዟቸው ወደ ጀርባ አጥንታቸው ተሰራጭቷል። ትልቁ ልጃቸው ቦልቴ አጥሩ በር ላይ ቀድሞ ጠበቃትና ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣

«ሲስተር፣ የበሽታውን ስም እንዳትጠሪ። አባታችን ቁርጥማት ነው ብለው ነው የሚያውቁት» አላት።

እሺ ብላ ገባች። በወላይትኛ «ሳሮ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ፣ የጥያቄ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ሙዙ አወሩ። ቦልቴ ውኃ ሊያመጣላት ሲወጣ አባባ ባዳቾ በሩን አየት አድርገው፣

«ልጄ፣ ካንሰር መሆኑን አውቃለሁ» አሏት። «እነሱ ግን እንዳልሰማ ስንት ይደክማሉ። ድካማቸውን ከንቱ ላደርግባቸው አልፈለግሁም።»

«አባባ፣ ታዲያ የእርስዎ ፍላጎት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ሞትን አልፈራውም። በጀርባዬ ተኝቼ ማደር አምሮኛል። ደግሞ…» አሉና ትንሽ አፈሩ፤ «ሽማግሌዎች ማንጎው ሥር ሲቀመጡ ድምጻቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እሱ ታሟል ብለው አይጠሩኝም። ቢጠሩኝም መቀመጥ አልችልም። ቁጭ ብዬ ነገር መስማት እፈልጋለሁ።»

በመልስ መንገዷ ላይ ትዕዛዝ ስለ መጋረጃ አላሰበችም።

ዶክተር ሚልክያስ ሳይውል ሳያድር የሚጠጣ ሞርፊን አዘዘላቸው። ችግሩ ፋርማሲው ጋ መጣ። የፋርማሲው ኃላፊ ፈሪድ ይባላል፤ ቤተሰቦቹ ከስልጤ መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ጠንቃቃ ሰው ነው።

«ሲስተር፣ ሞርፊን እኮ ነው» አላት። «ገጠር ልልከው? ሱስ ቢያሲዝስ? ጠርሙሱ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ትዕዛዝ ልትቆጣ ብላ ነበር። ነገር ግን ሰውየው የሚናገረው ሐሰት እንዳልሆነ ገባት። «እንግዲያውስ አብረን እንሂድና አንተው እያቸው» አለችው።

ሄዱ። ሁለቱ ገና ግቢው ውስጥ ሳሉ ሕመሙ አባባ ባዳቾ ላይ ተነሣባቸው። ያ ሁሉ ሰው የሚያከብራቸው አዛውንት በጉልበታቸውና በክንዳቸው መሬት ላይ ተደፍተው፣ የአልጋውን እግር ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው አገኟቸው። ሲያልፍላቸው ቀና ብለው «እንግዳውን ወንበር ስጡት እንጂ» አሉ። ፈሪድ አልተቀመጠም። በማግስቱ መድኃኒቱን በትናንሽ ጠርሙስ ከፋፍሎ፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን ገዝቶ፣ «ባዶው ጠርሙስ ሲመለስ ሙሉው ይሰጣል፤ ሣጥኑን የሚከፍተው ቦልቴ ብቻ ነው» ብሎ ጠበቃት። ጠንቃቃነቱን አልተወም፤ መንገድ አገኘለት እንጂ።

አባባ ባዳቾ ተኙ። እንቅልፍ ሲጠግቡ መብላት ጀመሩ። ትዕዛዝ ሞርፊን ሆድ እንደሚያደርቅ ነግራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ብትሰጣቸውም፣ ሽማግሌው «አይ፣ ይኼ ትርፍ ነው» ብለው ትተውት ኖሯል። በሚቀጥለው ጉብኝት ገና እንዳዩዋት፣

«አንቺ ሴት፣ ጀርባዬን ፈትተሽ ሆዴን አሰርሽው!» ብለው ጮሁባት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ሳቁ ገና ሳይበርድ ትዕዛዝ ደፈረች። በቦልቴ ፊት «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ማወቅ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ቦልቴ ክው አለ። አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩና «ልጄ፣ እኔ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። ከእንግዲህ ብቻችንን አንወቀው» አሉት። ቦልቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ከዚያ መጥቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ትዕዛዝ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስንት የተጨነቀ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ እፎይ ሲል አይታለች፤ እዚህም ያንኑ ነገር አየች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ስትሄድ አልጋው ባዶ ሆኖ ጠበቃት። እየተጣደፈች ስትወጣ ከማንጎው ሥር የሰው ድምፅ ሰማች። አባባ ባዳቾ ጀርባቸው በትራስ ተደግፎ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። ሁለት ጎረቤታሞች በውኃ ቦይ ተጣልተው ቀርበው ነበር። ሽማግሌው ትዕዛዝን ሲያዩ እጃቸውን አንሥተው «ቆዪ» አሏት፤ ሥራ ላይ ነበሩ። እሷም ድንጋይ ፈልጋ ቁጭ አለች። ነገሩ እየተጠየቀ፣ እየተመለሰ፣ እየተጎተተ ሄደ። ከታች አባያ ሐይቅ በፀሐዩ ያብረቀርቃል። ሚኒባስ ያመልጠኛል ብላ አልተጨነቀችም። ጎረቤታሞቹ ተነሥተው እጅ ለእጅ ሲያያዙ፣ እሷም ሳታስበው ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች።

ስለዚህ የአገልግሎቱ እቅድ በመጀመሪያ ካሰበችው ተለውጦ ወጣ። መጋዘኑ ጥቂት አልጋ ብቻ ያዘ፤ ሕመማቸው በቤት አልታገሥ ላላቸው። በቀረው ቦታ ቤተሰብ የሚያርፍበት አግዳሚ ወንበር ገባ። ዋናው ሥራ ግን መንገድ ላይ ሆነ፤ በየሳምንቱ የሚመደብ መኪና፣ ሲጨንቃቸው የሚደውሉበት ስልክ፣ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ሕመም መለካትና መድኃኒት መስጠት የሚችል አንድ ነርስ። ዶክተር ሚልክያስ አንብቦ ሲጨርስ «መጋረጃው የት ሄደ?» አላት። «ቤታቸው መጋረጃ አላቸው» አለችው። ፈሪድ ሳይጠየቅ የሃላሌንና የቦምቤን ጤና ጣቢያ ነርሶች አሠልጣኝ ሆነ። ጥንቃቄውን ሲያስተምር ያሰለቻል ይባላል።

አባባ ባዳቾ የወላይታን ዘመን መለወጫ ጊፋታን ከልጆቻቸው ጋር ካከበሩ በኋላ አረፉ። ትዕዛዝና ፈሪድ ለቅሶ ሊደርሱ አብረው ወረዱ። ሽማግሌዎቹ ቦታ ለቀቁላቸውና ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጧቸው። ትዕዛዝ አለቀሰች፤ ድምጿ ትልቅ ነውና ለቅሶዋም ከሩቅ ተሰማ። ሆኖም ውስጧ አልከፋትም።

ሲመለሱ ቦልቴ እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው።

«መጨረሻ ላይ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«ለጊፋታው ሥጋ የሚያቃጥል ዳጣ አምጡልኝ አሉ። ቀመስ አደረጉና ‹ይኼን ያዘጋጀው ማነው? አያቃጥልም!› ብለው ተቆጡ። ከዚያ ተኙ።»

ፈሪድ ቀድሞ ሳቀ፤ ቦልቴም ተከተለው። ሚኒባሱ መጥቶ ሲቆም የሦስቱም ሳቅ ገና አላባራም ነበር።