ሚካኤልን ማን ደፍሮ ያጠፋል

የሺእመቤት ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንዲት ወረቀት ጥላ አታውቅም። «የሚጣል ወረቀት የለም፤ ፈላጊው ያልመጣ እንጂ» ትላለች። ባልደረቦቿ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ሲያሽሟጥጧት ምስጋና ይመስላታል። ይሄን አመሏን እንኳ መዝገብ ቤት ቆልፋበት ብትወጣ ምን ነበረበት? ስልኳ ውስጥ ይዛው ገባች።

ስልኩን የገዛችላት ሞጣ ያገባችው ልጇ ሥርጉት ናት። ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባለ የሚላክላት የቅዱሳን ሥዕል ሁሉ እዚያው ተከማችቷል። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፤ ያውም አንዱ ሚካኤል ከዘጠኝ ሰው ይመጣል። ዘጠኙንም ታስቀምጣለች። ሚካኤልን ማን ደፍሮ ያጠፋል? መታመም አለ፣ መሞት አለ።

በ2010 ኅዳር ላይ ሥርጉት ወንድ ልጅ ተገላገለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነውና የሺእመቤት «ክርስትናውን በገዛ እጄ ነው የምቀርጸው» እያለች መሥሪያ ቤቱን አዳረሰችው። ለክርስትናው ሞጣ ለመሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ስልኩ «ቦታ የለም» አላት። ሰማው የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው።

«እትዬ የሺእመቤት፣ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ የከረሙት ሁሉ እዚህ ተመዝግቧል። መጀመሪያ እሱን እናጥፋ» አለና ከፈተው።

ዓይኗን ጣል ብታደርግ የጠየቀችው ሁሉ በቀንና በሰዓት ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። «አማች ቤት ስንት ቀን ቢያድሩ ነውር ነው»፣ «ሽበት ያለ ቀለም ማጥቆሪያ»፣ «ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሰው ሲያወራ ይሰማል ወይ»። ለካ እንደሷ ያለ መዝገብ ያዥ ስልኩም ውስጥ ኖሯል! ከእጁ ነጠቀችውና በሃያ ስድስት ዓመት ያላደረገችውን አደረገች፤ መዝገቡን ጠራርጋ አጠፋች።

«አሁንስ ቦታ ተገኘ?»

«እሱ እንኳን ይሄን ያህል ቦታ አልያዘም። ቦታውን የጨረሱት ሥዕሎቹ ናቸው፤ ይቀንሷቸው።»

«እነሱን አትንካብኝ» ብላ ስልኳን ይዛ ወጣች።

ሞጣ ላይ የክርስትናው ቀን ደረሰ። ቄሱ ሕፃኑን ሲቀበሉ የሺእመቤት ስልኳን ደገነች፤ «ቦታ የለም» አላት። አንዱን ባጠፋ ይበቃኛል ብላ አንገቷን ደፋች። መጀመሪያ የመጣው ሚካኤል ነው፤ «ይቅር በለኝ» ብላ አለፈችው። ቀጥሎም ሚካኤል፣ ሰይፉን የመዘዘ። ይሄንንማ ጭራሽ! ከዚያ ማርያም፣ ከዚያ ደግሞ ሚካኤል። በመጨረሻ የገዛ አውራ ጣቷን በስህተት ያነሳችበትን ፎቶ አግኝታ አጠፋች። ቀና ስትል ሕፃኑ ተጠቅልሎ የክርስትና አባቱ እቅፍ ውስጥ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሷም አብራ እልል አለች።

ቢቸና ተመልሳ ቢሮ ስትገባ ባልደረባዋ ይርጋነሽ «የክርስትና ስሙን ማን አሉት?» ብላ ጠየቀቻት። የሺእመቤት መዝገብ የምትፈልግ መስላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። «ረጅም ስም ነው» አለች። ዕድሜ ልኳን የሰው ስም ስትመዘግብ የኖረች ሴት የልጅ ልጇን ስም አታውቅም! ሥርጉትን እንዳትጠይቅ «አጠገቤ ቆመሽ አልነበር?» ብትላትስ ምን ልትመልስ ነው? የምር አፈረች። ፋንታ የሚባለው አማቿ፣ የሥርጉት ባል፣ የቀረጸውን ቪዲዮ ልኮላታል፤ ስልኩ ግን ቦታ የለኝም ብሎ አልቀበልም አለ።

በምሳ ሰዓት በሩን ዘግታ መዝገቦቿ መሀል ተቀመጠችና አማተበች። «ሥዕልህን ነው እንጂ አንተን አይደለም» ብላ ከየወሩ አንድ አንድ ሚካኤል እያስቀረች ሌላውን አጠፋች። ትንሽ ጠበቀች። ቤቱም አልፈረሰ፣ እጇም አልደረቀ። ቪዲዮው ገባ።

ቄሱ ሕፃኑን ይዘው «ኃይለ ሚካኤል» ሲሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሕፃኑን ያያል። ከቄሱ በስተቀኝ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ፣ አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ ስልክ ትጎረጉራለች። «ይቺ ደግሞ የማን ጉድ ናት!» ብላ ሳትጨርስ ቀሚሱን አወቀችው።

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እንባው ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም። ሥርጉት ዘንድ ደወለች።

«ስሙን ሳልሰማ ነው የመጣሁት፣ ልጄ። ሚካኤልን ላለማጥፋት ስታገል ኃይለ ሚካኤል አመለጠኝ።»

የሥርጉት ሳቅ ተሰማ። «አይተንሻል እኮ፣ እማዬ። ታዲያ መቼ ትመጫለሽ?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ። ስልኩን ለሰማው ትቼለት ነው የምመጣው።»