ርግቧ ቤት ያዋለችኝ ሰሞን

እሠራበት የነበረው ድርጅት ሲዘጋ ለባለቤቴ ብቻ ነገርኳት። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለዕድር ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ ዓለም ባንክ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃውን እወርድና ቤቴል ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ታክሲ መያዣው አጠገብ አንዲት አጭር የድንጋይ አጥር አለች። እሷ ላይ ተቀምጬ ሰው የምጠብቅ መስዬ እውላለሁ። ስልኬን አወጣለሁ፣ ሰዓት አያለሁ፣ መልሼ እከታለሁ። ሠራተኛ ወደ ቤቱ መግባት ሲጀምር እኔም እገባለሁ።

አንድ ጠዋት አንዲት ርግብ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ መስታወት ጋር ተላትማ እግሬ ሥር ወደቀች። አንድ ክንፏ ተንጠልጥሎ መሬት ይጠርጋል። የሚያልፈው ሰው ከንፈሩን ይመጥጥላታል እንጂ አይቆምም፤ ሁሉም ይቸኩላል። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ልሆን ስል፣ ታክሲ በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ጮኸ።

«ፋዘር፣ አንተ ውሰዳታ! አንተ እንደሆነ የምትሄድበት የለህ!»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። በክፋት የተናገረው አይመስለኝም። በየቀኑ ያየኛል፤ ያየውን ነው ያለው። ፊቴ እሳት ሆነ። ጎንበስ ብዬ አነሳኋትና በኮቴ ሸፍኜ ቶሎ ቶሎ እየተራመድኩ ሄድኩ። አዝኜላት ነው ያነሳኋት ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከዚያ ቦታ ተነስቼ ለመሄድ ምክንያት ስለሆነችልኝ ነው።

ቤት ገብቼ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አነጠፍኩላትና ዳቦ በወተት አርሼ ሰጠኋት። እስከ ማታ ተቅማጥ አጣደፋት። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ከክሊኒክ እንደተመለሰች ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አየቻት።

«ምን አበላሃት?»

«ዳቦ በወተት።»

«ወተት? ርግብ መቼ ጡት ጠብታ ታውቃለች!»

ሳቀች፤ እኔም ከሷ ጋር ሳቅሁ። ከሳቅን ቆይቶ ነበር። ክንፏን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ «የተሰበረ አይመስለኝም» አለችና በፋሻ ከሰውነቷ ጋር አሰረችላት።

ከዚያ በኋላ የተዘፈዘፈ ስንዴና ክክ ሆነ ቀለቧ። ግን በራሷ አትበላም። በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ምንቃሯን በጥፍሬ ከፈት አድርጌ አንድ አንድ ፍሬ አጎርሳታለሁ፤ እስክትውጥ እጠብቃለሁ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እንደገና። እሷን ትቼ መውጣት ስላልቻልኩ ቤት መዋል ጀመርኩ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተደብቆ መዋል ደግሞ ቀላል አይደለም። ጫማ አላደርግም፤ ቴሌቪዥን አልከፍትም፤ በር ሲንኳኳ ትንፋሼን እይዛለሁ። በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ። ማታ ባለቤቴ «እንዴት ዋልክ?» ስትለኝ፣ ርግቧ ስንዴ እንዴት እንደዋጠች፣ ውሃ በራሷ እንደጠጣች በጋለ ስሜት እተርክላታለሁ። እሷ የሰው ልጅ ስታክም ውላ የመጣች፣ ቆማ ታዳምጠኛለች። አንድ ማታ በመሃል ዓይኗን ሳየው ወሬውን አቋረጥኩት። እንባ አቅርሮ ነበር።

ውሃ ጠፍቶ በሰነበተ ጊዜ፣ የርግቧን ዕቃ ላጥብ ብዬ ቧንቧ ከፍቼ እንዳለ ረሳሁት። ውሃው ሲመጣ እኔ ሳሎን ጭኔ ላይ እሷን ይዣለሁ። በሩ ሲንኳኳ ዝም አልኩ። ደግሞ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈት። ውሃው ታች ወርዶ አልጋዬን አራሰው።»

ከእኛ ሥር የሚኖሩት ሐጂ ናቸው፤ እዚያው ዓለም ባንክ የእህል ሱቅ አላቸው። በፒጃማ ሱሪ፣ ርግብ ታቅፌ ከፈትኩ። ሐጂ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ፣ ቧንቧውን ዘጉና መወልወያ አነሱ። «ኧረ ይተዉ ሐጂ፣ እኔ…» ብል አልሰሙኝም። ጨርሰው ሲቀመጡ «ዛሬ ትንሽ አሞኝ ከሥራ ቀረሁ» አልኳቸው።

«አላህ አፊያ ያድርግህ።» ርግቧን ሲያዩ ቆዩ። ቀስ ብለው «ቤቴል ታክሲ መያዣው ጋ አይቼሃለሁ» አሉ። «አንድ ቀን አይደለም። ሰላም ልልህ እፈልግና፣ እንዳታፍር ብዬ በሌላ መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ። ሱቅ የሚያግዘኝ ሰው እፈልጋለሁ። እንዴት እንደምነግርህ ጠፍቶኝ ነው እስካሁን።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ማመስገን ነበረብኝ። እሳቸው የእኔን ውሃ ሲወለውሉ ቆይተው ፊቴ ተቀምጠዋል፤ ርግቧ ጭኔ ላይ ናት፤ እኔ ግን «ሥራማ አለኝ ሐጂ» አልኩ።

ለቅጽበት ዓይኔን አዩኝ። «እሺ ልጄ፣ እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው» ብለው ተነሱ። ውሸቴን እንደ ታመመ ሰው ደገፍ አድርገው ትተውልኝ ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

ርግቧ እየበረታች ሄደች። ባለቤቴ ፋሻውን ስትፈታላት ሳሎን ውስጥ ከወንበር ወንበር መዝለል ያዘች። አንድ እሑድ በረንዳ ላይ አወጣናት። ብረቱ ላይ ቆማ ትንሽ አንገቷን ሰበቀች፤ ከዚያ ተነስታ ከፊት ለፊቱ ብሎክ ጣሪያ ላይ ከሌሎቹ ርግቦች መሃል ገባች። የትኛዋ እንደነበረች ወዲያው ጠፋን።

ከእንግዲህ ቤት የሚያውለኝ ሰበብ የለም። ታች ወርጄ የሐጂን በር አንኳኳሁ።

«ርግቧስ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«በረረች።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሐጂ፣ ሥራ የለኝም» አልኳቸው።

«ነገ ሱቅ በጊዜ ና» አሉኝና ወደ ውስጥ ዞረው ሻይ እንዲመጣ አዘዙ።

አሁን እዚያ ነኝ፤ ጤፍና ስንዴ እመዝናለሁ። ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው በሩ ላይ ሲመጣ ካየሁ፣ የወደቀ ነገር የማነሳ መስዬ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ የምልበት ቀን አለ። ሐጂ ያኔ ራሳቸው ተነስተው ደንበኛውን ያስተናግዳሉ።