በልጄ ስም የሰጠሁት ሰገራ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የወጣሁት ስለ ሰገራ ምርመራ ልመሰክር ነው። ሳቁ፣ ግዴለም። ጌታ በእሱም ከብሯል፤ ክብር ለስሙ ይሁን!

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው፤ የምንኖረው ወላይታ፣ ቢጠና አጠገብ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ አስቴር ከሳች፣ መዳፏ ነጣ፣ ሆዷ ተነፋ። የግድግዳ ጭቃ እየፈቀፈቀች ትበላ ጀመር። አማቴ፣ "የቤቱ መንፈስ ፈልጓት ነው፤ በግ ይታረድለት" አሉ። እኔም አምን ነበር። ከእኛ ማዶ የወንጌል አማኞች ሲዘምሩ እሰማለሁ፤ የኢየሱስን ስም አውቃለሁ፤ ጠርቼው ግን አላውቅም።

ባለቤቴ "መጀመሪያ ሐኪም ይያት" አለና ሶዶ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰድናት። የላቦራቶሪው ሰውዬ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠኝና "የልጅቷን ሰገራ አምጪ" አለኝ። ወገኖች፣ እኛ ቤት ፀጉርም፣ ጥፍርም፣ ሰገራም ይቀበራል። ከሰው የወጣ ነገር ባዕድ እጅ ከገባ ይደገምበታል፣ ባለቤቱ ይሞታል ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሽንት ቤት ገብቼ የራሴን አደረግሁ። የሚደገምበት ካለ እኔ ልሙት ብዬ ነው።

ሰውዬው በማይክሮስኮፕ አየና "ምንም የለባትም" አለ። የባለቤቴ ፊት ተለወጠ። "እንግዲህ የሐኪም በሽታ አይደለም፤ እናቴ ልክ ናት። ነገ ጠንቋይ ዘንድ እንወስዳታለን፤ ሐኪም ቤት ከዚህ በኋላ አትረግጥም" አለ።

አስቴር ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ ምንም አትከብድም። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር ሰገራዋ ሰው እጅ ይገባል፤ ዝም ብል ልጄን አጣለሁ። ፈራሁ፣ ቅዱሳን፣ በጣም ፈራሁ።

"ያ ሰገራ የእኔ ነው" አልኩ።

ባለቤቴ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። ሌላ ዕቃ አነሳና በወላይትኛ "ምን እንደምትፈሪ ገብቶኛል፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አይቼ እጥለዋለሁ" አለኝ።

የልጄን አመጣሁ። ልሰጠው ስል እጄ አልለቅም አለ። ያኔ ነው "ማዶ የሚዘመርልህ ኢየሱስ ሆይ፣ ልጄን ጠብቅልኝ" ያልኩት። ሰጠሁት። ሃሌሉያ!

አየና "መንጠቆ ትል ነው፤ እንቁላሉ ሞልቷል። ደሟን የሚመጠው፣ አፈር የሚያስበላት እሱ ነው" አለ። ኪኒን ሰጡን። እያደር አስቴር ጭቃውን ተወች፤ መዳፏም ቀላ። ማንም አልደገመባትም። እኔም ማዶ ተሻግሬ ጌታን ተቀበልኩ፤ ባለቤቴ ዘግይቶ መጣ። አማቴ እስካሁን አልመጡም፤ እንጸልያለን።

አስቴር ዛሬ ራሷ እናት ናት፤ ጌታ ይመስገን! እምነት ፍርሃት ሲያልቅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ስሰጥ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እናንተም ለጌታ መስጠት የፈራችሁት ነገር ካለ፣ እየፈራችሁ ስጡት። ጌታ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይመልስም።