ይታይሽን ልከለክል ባሕር ዳር የሄድሁ ጊዜ

በ1975 ዓ.ም.፣ ሰኔ ሲገባ፣ ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር ሄድሁ። እዚያ መምህርነት የምትማረው ልጄ ይታይሽ ደብዳቤ ልካልኝ ነበር። «የዘመናዊ ሩሲያን ታሪክ እዚያው አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንድማር ተመርጫለሁ። መልሴን እስከ ዓርብ ይፈልጉታል። አንቺ ሳትመርቂኝ ግን አልሄድም» ይላል። እግዚአብሔርን ወደሚክድ አገር ልጄን አልሰድም አልሁ። እንቢታዬን ፊቷን እያየሁ ልነግራት ተነሣሁ።

ረቡዕ፣ በባሕሩ ላይ

ጀልባው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሣ። ሦስት ብር ከፍዬ በጤፍ ጆንያና በደረቅ ዓሣ መካከል ተቀመጥሁ። ሰማዩ ዝናብ አዝሏል፤ ማዕበሉ ቀሚሴን አራሰው። ከጎኔ አደም የሚባሉ የወረታ ነጋዴ ነበሩ። የምሄድበትን ነገርኋቸው።

«እሜቴ፣ እኔ ስድስት ልጆች አሉኝ፤ አንዱን እንኳ ከሱቄ ገፍቼ ማስወጣት አልቻልሁም። የእርስዎ ተመረጠች፣ እርስዎ ያዝናሉ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዳሩ ግን ምሳ ሲወጣ ጾሜን ዐውቀው የሽንብራ ቆሎ ለብቻ ዘረጉልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ባሕር ዳር ደርሰን ከወደቡ እስከ ኮሌጁ በእግሬ ሄድሁ። ይታይሽ ጉልበቴን ስማ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰደችኝ፤ ከዋርካ ሥር ተቀመጥን።

«እንቢ ልትይኝ ነው የመጣሽ» አለች።

«አዎ። ቤተ ክርስቲያን የዘጉ ሰዎች ምን ያስተምሩሻል?»

ዙሪያዋን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መዝጋታቸውንም እኮ ነው የምማረው፣ እምዬ። ስንቱን የእህል መጋዘን አደረጉት። መምህራችን እዚያ ተምሯል። ቤት ያከራየችው አሮጊት ሥዕለ ማርያሟን ቁም ሣጥን ውስጥ አኑራ፣ በሩን ዘግታ ትጸልይ ነበር። የልጅ ልጆቿንም በስውር ያስጠመቀች እሷ ናት።»

«ይህ በመጽሐፋችሁ አለ?»

«የለም። መሄድ የፈለግሁት ለዚህ ነው።»

ለካ ያን አገር እናት የሌለበት አድርጌ ኖሯል ያሰብሁት።

«እዚያ ትጾሚያለሽ?» አልሁ።

«እሞክራለሁ። ማዕዱ የእነሱ ነው፤ ሁሉን እጾማለሁ ብዬ አልዋሽሽም።»

አዎ ብላ ብትሸነግለኝ ኖሮ አልመርቃትም ነበር። እጄን ራሷ ላይ ጫንሁ። «ሂጂ። ያየሽውን እንዳየሽው ጻፊ። እመቤቴ በሰላም ትመልስሽ።» አሜን እያለች አለቀሰች።

ሐሙስ፣ መመለሻ

በዚያው ጀልባ ተመልሼ ቁንዝላ ስገባ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከጉዞው የተማርሁት ጥቂት ነው፤ ልጄ ወደ ሰዎች አገር እንደምትሄድ ዐወቅሁ። ፈጣሪዬን አመሰገንሁ።

በማግስቱ ጠዋት በየወሩ በእመቤታችን ስም የምንጠጣው ማኅበር ሙሴ፣ የማኅበርተኞቹ አለቃ፣ ወደሆኑት ሽማግሌ ቤት ሄድሁ። «ይታይሽን ማኅበርተኛ አድርጉልኝ። እስክትመለስ ተራዋን እኔ እደግሳለሁ፤ ጽዋዋንም እኔ እቀበልላታለሁ» አልኋቸው።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

«ወለተ ኪዳን» አልሁ።