የከድጄ ቀጋ

የከድጄን ክንዶች ያየ ሰው ከድመት ጋር ስትታገል ያደረች ይመስለዋል። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ቀጫጭን ጭረት ነው፤ አንዱ ሳይሽር ሌላው ይታከላል። ድመት ግን የላትም። ያላት ቀጋ ነው።

ቡታጅራ አጠገብ ባለው መንደራቸው እሾህ የሚተከለው ፍየል እንዲመልስ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ነው። ከድጄ ግን ከጋራው ሥር የቀጋ ቡቃያ ነቅላ አምጥታ ደጃፏ ላይ ተከለችው፤ ያውም ጀፎረው ዳር፣ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በሚተያዩበት፣ ማንም በማያርሰውና በማያጥረው ሰፊ የሣር መንገድ ዳር። ጎረቤቶቿ ምላሷ አልበቃ ብሏት ደጇንም አሾለችው ብለው ሳቁ።

ቀጋው ውሃ ስጪኝ፣ ፍግ ጨምሪልኝ አላለም። በጋ ገብቶ ውርጭ ሣሩን ሲያቃጥለው፣ መንደሩ እንደ አሮጌ ሰሌን ሲገረጣ፣ እሱ ብቻውን ፍሬውን አቅልቶ ይቆማል። ከዚያ ሁሉ እሾህ መሀል ያ ሁሉ ቅላት ከየት እንደሚመጣ አላህ ይወቀው። ከድጄ የምታሳድገው ለማየት ብቻ ነው። ለማየት ብቻ መትከል ደግሞ በዚያ መንደር ከስርቆት ጥቂት ከፍ ያለ ነውር ነበር።

ከድሮ የሚባለው ባሏ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ይነግዳል። ቃሉን የሚያከብር ባል ነው፤ ለአረፋ እመጣለሁ ብሎ መላኩን አንድም ዓመት አስታጉሎ አያውቅም። የሚቀረው መምጣቱ ብቻ ነው። በ1963 ዓ.ም. ግን የምሩን በወዳጁ ቮልስዋገን እንደሚመጣ ላከ።

ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ጀፎረ መጥበብ እንደሌለበት ትዝ አላቸው። ቀጋው በየክረምቱ ሥሩን እየሰደደ ወደ መንገዱ ሲገፋ ሕጉ ተኝቶ ነበር፤ የቀሰቀሰው የመኪና ወሬ ነው። አባቶች ጀፎረን ሲያሰፉ ለካስ የቮልስዋገን መዞሪያ አስበው ኖሯል።

ሀጂ ሙስተፋ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገመድ ይዘው መጡ። ለኩ፤ ቀጋው አንድ እርምጃ ወጥቷል። ከአረፋ በፊት ይነሣ ብለው ፈረዱ።

ከድጄ ከማዶ ወደ መንገዱ ገፋ ያለውን የሀጂን አጥር በአገጯ አሳየች። «ገመዱ ወዲያስ አይሄድም፣ ሀጂ?»

ሀጂ ገመዱን ጠቀለሉት። «ያጥራል።»

ፍሬው እስኪረግፍ እንዲታገሷት ለመነች። ወፍ የሚጠብቀውን ፍሬ ሰው አይጠብቀውም አሏት። አንዱ ሽማግሌ፣ ባልሽ እየመጣልሽ ለእሾህ ታዝኛለሽ ሲላት፣ «ባሌስ ይመጣል ይባላል፤ በየበጋው የመጣልኝ ግን ይሄ ነው» አለችው።

በአረፋ ዋዜማ ወንዶቹ መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ አላስነካቻቸውም። ራሷ ቆፍራ ከነሥሩ አወጣችው፤ ሥሩን ከነአፈሩ በኮባ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አሰረችው። ጓሮ ልትተክለው ነው ብለው አስተዋይነቷን አመሰገኑ። እሷ ግን ወደ ጓሮ አልዞረችም፤ ቡኢ ወዳለው ወንድሟ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።

«ከድጄ፣ ወዴት ነው? ከድሮ ማታ ይገባል እኮ» አሉ ሀጂ፣ የፈረዱት ፍርድ ገና አሁን እየገባቸው።

«ይግባ። ቦታው ሰፍቷል፤ እንደ ልቡ ይዙር።»

እሾሁ ትከሻዋን እየቧጨረው፣ ቀዩ ፍሬ ከጀርባዋ እየተወዛወዘ፣ በጸዳው ጀፎረ መሀል ለመሀል ሄደች።