የካምፑ ዶሮዎች

ባለፈው ቅዳሜ ማርቆስ ገበያ፣ ሳልባጅ ከሚሸጥበት ተራ ገብቼ ለልጄ የክረምት ጃኬት ስመርጥ እጄ አንድ ጸጉራም ኮሌታ ላይ አረፈ። ነጭ ነው፤ እንደ ባዘቶ የላላ። ጣቶቼ ውስጡ ሰመጡ። ሻጩ ዋጋ ይነግረኛል፣ እኔ አልሰማውም። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ወልጄ ከብጄ፣ ጸጉር ነክቼ አፈርኩ። ጃኬቱን መልሼ ወጣሁ።

እንዲህ ያለ ላባ የነበራቸው ዶሮዎች አሳድጌ ነበር።

ያን ጊዜ ቤታችን ከአምበር ወጣ ብሎ፣ አዲስ መንገድ ከሚሠራበት አጠገብ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ ከእርሻው ጎን ለጎን የመንገድ ሠሪዎቹን ካምፕ ይጠብቃል። የካምፑ ወጥ ሠሪ ቻይናዊ ሰው ነበር፤ በጓሮው ከአገሩ ያስመጣቸውን ነጫጭ ዶሮዎች ያረባል። ከአባቴ ጋር አንድ የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ሲሳሳቁ ይውላሉ። መንገዱ አልቆ ካምፑ ሊነሳ ሲል፣ መስከረም ላይ፣ ሰውየው ለአባቴ የስንብት እንቁላል ሰጠው። አባቴ በጭድ ጠቅልሎ፣ ሕፃን የያዘ ይመስል ቀስ እያለ መጣና ለእኔ ሰጠኝ። እጄ ለዶሮ ይቀናል ብሎ ያምን ነበር።

መታቀፍ ያማራት አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረችን። ከጓዳው ጥግ፣ በተሰበረ ጋን ገል ላይ ጭድ ጎዝጉዤ አስታቀፍኳት። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል አንድ ጠዋት ከሥሯ ጭው ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። በጣሪያው ቀዳዳ የገባ ብርሃን ጭዱ ላይ ወድቆ ነበር፤ የእርጥብ ቅርፊትና የሞቀ ላባ ሽታ ጓዳውን ሞልቶታል። የዶሮዋን ክንፍ ገለጥ ሳደርግ ጫጩቶቹን አየኋቸው። ከላይ ብጫቸው የፈዘዘ ነው፤ ከሥሩ ቆዳቸው ከሰል መስሏል። እግራቸውም ጥቁር፣ ጣታቸውም አንድ ትርፍ አለው። ደንግጬ እናቴን ጠራኋት። እናቴ አማተበች። አባቴ ግን ሳቀ፣ ካምፑ ውስጥ እንቁላሉን የጣሉት እናቶቻቸውም መልካቸው እንዲሁ ነው አለን።

አደጉ። ላባቸው እንደ ሰው ጸጉር ተንጨባረረ፤ መብረር ስለማይችሉ ቆጥ አይወጡም። ማታ ማታ ከመደቡ ሥር ተደራርበው ይተኛሉ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሊያይ ይመጣ ነበር፣ «ድመት ነው ዶሮ?» እያለ ይስቅ ነበር። ለማየት ከመጡት አንዱ አምበር የሚያስተምር ወጣት ነው። ወላጆቹ ደብረ ኤልያስ ናቸው። አውራውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ይህን ጸጉር ማን ሠራለት ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኛ፣ አልኩት። ከዚያ ወዲያ ዶሮዎቹን ለማየት እያለ ተመላለሰ። እናቴ ዶሮ ለማየት እንዳልሆነ ገባት።

በዐቢይ ጾም ማለቂያ ፈንግል ገባ። በአካባቢው ያለ ዶሮ በየአጥሩ ሥር አንገቱን እየጣለ አለቀ። የእኛም ገብስማ፣ ለፋሲካ የተጠበቀው ቀይ አውራም ሞቱ። ከመደቡ ሥር የሚያድሩት፣ እኔ ከግቢ የማላስወጣቸው የካምፑ ዶሮዎች ግን አንድም አልታመሙ። የሰው ዓይን የተለወጠው ያን ጊዜ ነው። የሰው ዶሮ ሲያልቅ የእነሱ ለምን ተረፈ ተባለ። ትርፍ ጣታቸው ተነሣ፣ ጥቁር ቆዳቸው ተነሣ። አንዲት ጎረቤታችን እሳት ልትጭር መምጣት ተወች።

ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ የመምህሩ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ መሆኑ ተሰማ። ለሽማግሌ ዶሮ ያልቀረበበት ቤት ምን ቤት ነው? በአገሩ ዶሮ የለም፤ በግ ለመግዛት አቅሙ አልነበረንም። እናቴ ሽሮና እንቁላል ይበቃል አለች። አባቴ አልተቀበላትም። ልጄን ሊጠይቁ የሚመጡትን ሰዎች በሽሮ አልመልስም አለ። አውራውን ባረከና አረደው።

ሲበለት እኔም አለሁ። ቆዳው ሲገፈፍ ሥጋው ከሥሩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ አጥንቱም ጥቁር። እናቴ በሎሚና በጨው አሸችው። ውኃ ለወጠች፣ እንደገና አሸችው። ውኃው ጠራ፤ ሥጋው አልነጣም። ለሦስተኛ ጊዜ ልታሸው ስትጎነበስ እንስራውን አንሥቼ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ፤ ቤት ውስጥ ግን ውኃ ሞልቶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ታላቃቸው የመምህሩ አጎት፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው የረጋ ሰው ናቸው። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆሜያለሁ። ሰላምታው አለቀ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ እጅ ተታጠበ። የመጡበትን ጉዳይ የሚናገሩት ከምግብ በኋላ ነበር። እናቴ በርበሬውን አብዝታበት ስለነበር ወጡ ሲቀርብ እንደ ማንኛውም ወጥ ቀይ ሆኖ አማረ። አባቴ ትልቁን ብልት ለአጎትየው አወጣላቸው። እርሳቸው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲያላቅቁ እጃቸው ቆመ።

ከዚያ አጎትየው ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ያቀረቡልን ምንድን ነው?» አሉ።

«ዶሮ ነው» አለ አባቴ። «ልጄ ያሳደገችው ነው።»

ልጄ ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አጎትየው ሥጋውን ቀስ ብለው ትሪው ላይ መልሰው አኖሩት፣ ጣታቸውን ጠረጉ። መንገድ ላይ ቀማምሰን ነበር፣ ጠግበናል አሉ። ሌሎቹም ጠግበናል አሉ። ምርቃት እንኳ ሳያደርሱ ተነሡ። ሊጠይቁኝ መጥተው ሳይጠይቁኝ ሄዱ።

አባቴ እስከ አጥሩ በር ሸኝቷቸው ተመለሰ። እኔንና እናቴን ጠርቶ ትሪው አጠገብ አስቀመጠን። «ዶሮ ነው፤ ብሉ» አለን። በላን። ጣዕሙ ዶሮ ነበር። ማናችንም የማናችንንም ፊት አላየንም።

ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ አምበር ደረሰ። ያ ቤት ለቆሌ ይገብራል፣ ለእንግዳም የቆሌ ግብር ያቀርባል ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ስቆም ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ ይሉልኛል። የንስሐ አባታችን መጥተው ጠበል ረጩ፤ ዶሮዎቹንም አይተው ፍጥረት ናቸው፣ ፍጥረትን አትፍሩ አሉ። ይህን ግን የተናገሩት ለእኛ ብቻ ነበር። መምህሩን አንድ ቀን ገበያ መግቢያ ላይ አገኘሁት። «ደህና ነሽ?» አለኝ፣ ደህና ነኝ አልኩት፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እያየ አለፈ።

ከሁሉ የከፋው ግን የማናውቀው ሰው ከሩቅ መጥቶ ዶሮዎቹን በፈለጋችሁት ዋጋ ልግዛ ያለን ቀን ነው። ለቆሌ ግብር እንደፈለጋቸው አልሸሸገም። አባቴ ውኃ አጠጥቶ አሰናበተው። እኔ ግን ሰውየው በራችንን ጠይቆ እንደመጣ አሰብኩ፤ ማንን እንደጠየቀ፣ የጠየቃቸውስ ምን ብለው እንዳሳዩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በብርሃን ከቤት መውጣት ተውኩ። ውኃ የምቀዳው ምንጩ ላይ ሰው ሲሳሳ ነው። አባቴም ብዙ አይናገረኝም ነበር፤ እኔም የምናገረው የለኝም። ዶሮዎቹን የሚመግባቸው እርሱ ሆነ። አንዷ ሴት ታቅፋ ጫጩት ስታወጣ እንኳ ሄጄ አላየሁም።

ሰኔ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ በአንዴ ጠቆረና በረዶ ጣለ። ዶሮዋ ጫጩቶቿን ይዛ ከአጥሩ ሥር ነበረች። የእነዚያ ዶሮዎች ላባ ውኃ አይመልስም፣ እንደ ጥጥ ይጠጣዋል። በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ አባቴ ባዶ ራሱን ሮጦ ወጣ፣ የዘበኝነት ካፖርቱን አውልቆ ዶሮዋ ላይ ዘረጋ፣ በጉልበቱም ተንበረከከ። በረዶው ሽበታሙ ራሱ ላይ ይነጥራል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶቻችን ደጃፋቸው ላይ ተጠልለው ያያሉ። አንዲቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ለሌላዋ ታሳያታለች። ሽማግሌ ሰው በጭቃ ተንበርክኮ ያንን ዶሮ ሲያቅፍ። ያን ሰሞን ሁሉ ያፈርኩት ተጠራቅሞ አፌን ሞላው። መቼ በሩን እንደከፈትኩት አላውቅም።

ከዚያ ክረምት የተረፈ ዶሮ የለም። ጫጩቶቹ ያን ዕለት አለቁ፤ እናታቸውም፣ የቀሩት ዶሮዎችም በብርድ ታመው ሐምሌን አልዘለቁም። እኔም በመስከረም ማርቆስ ገብቼ ሥራ ያዝኩ፣ ቆይቼም ሌላ ሰው አገባሁ። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ሽማግሌዎቹ አንድም ቀን አንሥተን ተነጋግረን አናውቅም።

ያን ዕለት ግን በባዶ እግሬ በረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ አጠገቡ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝና ደነገጠ። ዓይኑ ወዲያው ወደ ጎረቤቶቹ ሄደ።

«ግቢ ልጄ፣ ያዩሻል» አለኝ።

እርሱም እንደ እኔ ማን እንደሚያይ ሲሰጋ መክረሙን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ይዩኝ፣ አባየ» አልኩት።

የካፖርቱን አንድ ጎን ከፍ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ።