ለማመልከቻ የተባለ እምቢታ

በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍል ሰዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ «እሺ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት አንሶላ አጣፊ ሆና በተቀጠረችበት ዓመት ነው። «ነገ ማልደሽ ግቢ» ሲሏት እሺ፣ «የታመመችውን ልጅ ተክተሽ ዋይ» ሲሏት እሺ፣ «የእሁዱን ፈረቃ አንቺው ያዢው» ሲሏትም እሺ። እናቷ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለች ነው ያሳደገቻት፤ ምክሩም ለብዙ ጊዜ አልጎዳትም። ከአጣፊነት ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ፈረቃ ኃላፊነት ወጣች። በማታ ተምራ ዲግሪ ያዘች። በመጨረሻም የክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆነችና እዚያው ላይ ቀረች። ተጠባባቂ ተብሎ ይህን ያህል የጠበቀ ሰው በዚያ ሆቴል ታይቶ አይታወቅም።

አዲሶቹ ባለቤቶች ሲመጡ ግን መጠበቁም ተከለከለ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ የክፍል ኃላፊ የሚሆነው ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ወይም ትምህርቱን የጀመረ ብቻ ነው ተባለ። ያ ካልሆነ እሺ ወደ አጣፊዎቹ ጠረጴዛ ትመለሳለች፤ እጃቸውን ይዛ ሥራ ያስተማረቻቸው ልጆች ያዟታል። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አንድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ «እናዝናለን» ተብላለች። ሆቴሉ የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ደግሞ አርባ ዓመት ለደፈነ ሰው አይሰጥም፤ እሷ አርባን ልትደፍን የቀራት ጥቂት ነው። የዘንድሮው ማመልከቻ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። ይህን እያሰበች፣ ሰው ሲያናግራት ሁለቴ ካልተጠራች አትሰማም።

በምሳ ሰዓት ወደ አክስቷ ልጅ ሄደች። እሱ ከዚያው ትምህርት ቤት ተመርቆ ባንክ ይሠራል፤ ምክር ሲጠይቁት ደስ የሚለው፣ ሳይጠይቁትም የሚመክር ሰው ነው። የማመልከቻ ጽሑፏን እያገላበጠ አነበበው።

«ውጤትሽ ጥሩ ነው። የድጋፍ ደብዳቤዎችሽም አይሞቁ አይበርዱ፣ ያልፋሉ» አላት። «ይሄ ጽሑፍሽ ግን ምንድነው? ታዛዥ ነኝ፣ ከሥራ ቀርቼ አላውቅም፣ ከማንም ተጣልቼ አላውቅም... እህቴ፣ ይሄኮ ለአማች የሚነገር ነው!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እነሱ የሚፈልጉት መሪ ነው። አለቃሽ ሲሳሳት ተነስተሽ አይሆንም ያልሽበትን ቀን ጻፊላቸው። የት እንደነበር፣ ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንዳስከተለብሽ። ደግሞ ፈጥረሽ እንዳትጽፊ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ እየቆፈሩ ያወጡታል።»

እሺ ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ኋላ ሄዳ ፈለገች። እንዲህ ያለ አንድም ቀን አላገኘችም።

«የለኝም» አለችው። እንባዋ መጣ።

«እንግዲያው ይኑርሻ» አለና ሰዓቱን አየ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እሺም በማግሥቱ ጠብ ፍለጋ ሥራ ገባች። ብዙ መፈለግ አላስፈለጋትም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ የልብስ ተኳሾቹ ክፍል መስኮት ተዘግቷል፤ እንፋሎቱና ጫጫታው መዋኛው አጠገብ የሚተኙትን እንግዶች ረበሸ ተብሎ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ይዘጋ» ሲል እሺ ብላ በገዛ እጇ የቀረቀረችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ እርጥብ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ በየተራ ኮሪደር እየወጡ አየር እየሳቡ ይተኩሳሉ። እሺ ሲያልባቸው ስታይ ታዝን ነበር፤ አዝናም ዝም ብላለች። አሁን ያስነሳት ሙቀቱ አልነበረም። የማመልከቻው ጊዜ ሊያልቅ መሆኑ ነው፤ ይህንንም ራሷ አሳምራ ታውቀዋለች።

በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ተነሳች።

«በመስኮቱ ጉዳይ አልስማማም» አለች። «መከፈት አለበት።»

ሥራ አስኪያጁ ቀና አለ። «እሺ? አንቺ ነሽ ይሄን የምትይው?» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ያጠናችውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ተናገረች። ሳቁ ሲያልቅ የሰውየው ፊት ተለዋወጠ።

«ሌላ እንዲህ የሚያስብ አለ?» ሲል ጠየቀ።

የክፍል ኃላፊዎቹ ሁሉ የጫማቸውን ጫፍ ማየት ጀመሩ። በሩ አጠገብ የሠራተኛ ተወካይ ሆና የተቀመጠችው እትዬ ካውያ ግን እጇን አወጣች። እትዬ ካውያ ከተኳሾቹ ሁሉ አንጋፋዋ ናት፤ ክንዷ በካውያ ጠባሳ የተሞላ፣ ለእሺ የመጀመሪያዋን አንሶላ እንዴት እንደምታጥፍ ያሳየቻት ሴት። እስከ ዛሬም በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው የምትሠራው።

«እኔ አለሁ» አለች። «ልጅቷ እውነቷን ነው። አንሶላውን ትታችሁ እኛን ነውኮ የምትተኩሱን!»

ሥራ አስኪያጁ «አስብበታለሁ» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ያሰበውም ሳምንት ሳይሞላ ታወቀ። እሺን ቢነካ ክፍሉ በማግሥቱ ይቆማል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና እትዬ ካውያ ውሏ እንደማይታደስ ተነገራት። መስኮቱም እንደተዘጋ ቀረ።

እሺ ቢሮው ገብታ ለመነችው። «የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ይቅጡኝ» አለችው። «የአስተዳደር ውሳኔ ነው» ብሎ በሩን አሳያት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለአክስቷ ልጅ ደወለች። ምን ልታገኝ እንደደወለች እሷም አታውቀውም።

«እንዲህ ነው እንጂ ታሪክ!» አላት። «ዋጋ የተከፈለበት!»

«የከፈለችው እሷ ናት!» ብላ ጮኸችበት።

 «እንግዲህ ጻፊው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካልጻፍሽው በከንቱ ተባረረች ማለት ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። እውነቱን ልትነግራት ወደ እትዬ ካውያ ቤት ሄደች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውና ወንበሩ ተነካክተው ነው የቆሙት። እትዬ ካውያ ወንበሩን ለቃላት አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ያን ቀን እኔ...» ብላ ጀመረች።

«ተይ፣ አትንገሪኝ» አለቻት እትዬ ካውያ። «ልታለቅሺ ነው የመጣሽው፤ አታልቅሺ። ስንት ዓመት ስንቃጠል ማን ስለ እኛ አፉን ከፍቶ ያውቃል? አንቺ ስትነሺ ልቤ ሞላ። ብቻሽን ቆመሽ እያየሁ ዝም ብል ኖሮ ነበር የሚቆጨኝ።» ከዚያም፣ ልታመለክት መሆኑን ሰምታ ኖሮ፣ ለትምህርቱ መረቀቻት፤ እንዲሳካላት፣ ጠላት እንዳያይባት። እሺ ልትናገር የመጣችውን ትታ አሜን አለች። ቤቷ ገብታም ታሪኩን ጻፈች። ከአንዲት ነገር በቀር ሁሉም እውነት ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሦስት ሆነው ጠየቋት። መሐል የተቀመጡት መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሴት ጽሑፏን ደጋግመው ሳያነቡት አልቀሩም፤ ጥርት አድርገው ያውቁታል።

«እኛን የገረመን አንድ ነገር ነው» አሏት። «ስንት ዓመት ታዛዥ ሠራተኛ ነበሩ። ያን ቀን እንዲናገሩ ያደረገዎት ምንድን ነው?»

መልሱ እፊታቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፦ ይኸው ማመልከቻ።

«ሴቶቹ ሲቃጠሉ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም» አለች እሺ። ቃሉን ጨርሳ ሳታበቃ እትዬ ካውያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስትመርቃት ታየቻትና ለቅሶዋ ፈነዳ። አፏን በእጇ ብታፍነውም አልቆም አለ። ራሷን ተጸየፈች፤ ተነስታ መውጣት ፈለገች፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት።

ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ተነስተው ውሃ ቀዱላት።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት፣ አንቱታውን ትተው። «ለሰው እንዲህ የሚያነባ መሪ ነው የጠፋብን።»

ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። እሺም ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች።